የበግ ተራዋ ዳኛ

ፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው አቶ ይርዳው የስድስት ዓመት ልጃቸውን ትርንጎን ይዘው በግ ሊገዙ ወጡ። መንገድ ላይም፣ «የወደድነውን በግ ወደድነው ብለን አንናገርም፤ ዋጋ ይቆልሉብናል» ብለው አጥብቀው መከሯት።

በግ ተራ እንደደረሱ፣ ደረቱን የነፋ ድንበሩ የሚባል ነጋዴ አንድ ትልቅ በግ አቀረበላቸው። አቶ ይርዳው ወገቡን ጨበጥ ጨበጥ አደረጉና ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ምኑ ይበላል፤ አጥንት እኮ ነው» ብለው የተጠራውን ግማሽ ሰጡ።

ድንበሩ ገበያተኛው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ልጅ አይዋሽም። ልጅዎ ትፍረድ፤ እሷ ያለችው ይጽና» አለ። እምቢ ማለት ራስን ማጋለጥ ሆነባቸውና እሺ አሉ።

«ያምራል» አለች ትርንጎ። «አባባም ወዶታል፤ ግን እንዳልናገር ብሎኛል።»

ሰዉ ሳቀ፤ አቶ ይርዳው የሚገቡበት ጠፋቸው። ድንበሩ፣ «ሰማችሁ? ከእንግዲህ አምስት ሳንቲም አልቀንስም» አለ።

ትርንጎ ግን አልጨረሰችም። «ሆዱ ውሃ ነው። ቅድም ከወዲያ በባልዲ ሲያጠጡት አይቻለሁ።»

«ጠምቶት ነዋ» አለ ድንበሩ ፈጠን ብሎ።

«አዎ፣ መጀመሪያ ጨው ሲያስልሱት ነው የጠማው።»

ድንበሩ ሆዳቸው የተነፋ ሌሎች በጎቹን ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ገመዱን ለአቶ ይርዳው አስጨበጣቸውና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «ባሉት ዋጋ ይውሰዱት። ይህችን ዳኛ ብቻ ሌሎቹን ሳታይ ይዘዋት ይሂዱልኝ» አለ።

ትርንጎ ሰምታ ኖሮ፣ «ሌሎቹንም አይቻቸዋለሁ» አለች።