ሸሽቶ የተመለሰው ቄስ

አንድ መምሬ ወልደ ሰንበት የሚባሉ ቄስ ነበሩ። በአንዲት የቆላ መንደር ሃያ ዓመት አገልግለዋል፤ በጾማቸውና በስግደታቸው ሁሉም ያከብራቸዋል። አንድ ክረምት ወረርሽኝ ገባ። ሰው መሸሽ ሲጀምር መምሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው፣ "ሁላችሁም ብትሄዱ እኔ በሽተኞቹን ትቼ አልሄድም!" ብለው ማሉ።

በሳምንቱ አብሯቸው የሚቀድሰው ቄስ ታሞ በሁለት ቀን ሞተ። መምሬ እሱን ቀብረው ሲመለሱ ፍርሃት ያዛቸው። በማግስቱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ደጋ ወጡ።

የደጋ ሰዎች በክብር ተቀበሏቸው፤ እሑድም ወንጌል እንዲያነቡ ጋበዟቸው። የዕለቱ ንባብ ስለ መልካሙ እረኛ ነበር። ተኩላ ሲመጣ በጎቹን ጥሎ ስለሚሸሸው ቅጥረኛ ከሚናገረው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። ቅዳሴው እንዳለቀ እህል ሳይቀምሱ ወደ ቆላ ወረዱ።

መንደሯ ዳር መጀመሪያ ያገኙት ትርንጎ የምትባል ሴት ናት። በአዲስ መቃብር ላይ ድንጋይ ትከምራለች። መስቀላቸውን አልተሳለመችም።

"ባሌ ሦስት ቀን ሙሉ 'መምሬን ጥሩልኝ' እያለ ነው የሞተው" አለች። "ያለ ፍትሐት እኔው ቆፍሬ ቀበርኩት። አሁንስ ላለመሸሽዎ ምን ዋስ አለኝ?"

መምሬ ተንበረከኩ። "ምንም የለም፣ ልጄ። ያን ቀን የማልኩት በራሴ ጉልበት ተማምኜ ነበር፤ እሱም ሁለት ሳምንት አልቆየልኝም። አሁንም እፈራለሁ። እግዚአብሔር ካላቆመኝ ዛሬም እሸሻለሁ።"

ትርንጎ ይቅር አላለቻቸውም። በሽተኞች የተኙበትን ቤት በጣቷ አሳየቻቸው፣ ያ ብቻ ነው።

መምሬ ዳግመኛ አልማሉም። በየማለዳው "ጌታ ሆይ፣ ለዛሬ አቁመኝ" ብለው ይጸልዩና በሽተኛ ሲያጥቡ፣ ሲያቆርቡ፣ ሲቀብሩ ይውላሉ። እሳቸው ስለ ተመለሱ በሽታው አልቆመም፤ የመንደሯን ሰው እኩሌታ ጨረሰ። በሰባተኛው ሳምንት እሳቸውንም ያዛቸው። ትርንጎ ውሃ እያጠጣች አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እኔስ ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አባቴ" አለቻቸው። "እግዜርም ይቅር ይበልዎ።"

በነጋታው አረፉ።

በራሱ የሚታመን መሪ ፍርሃት የመጣ ዕለት ይወድቃል። ድካሙን አውቆ የእግዚአብሔርን ጸጋ ዕለት ዕለት የሚለምን ግን እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ከሕዝቡ ጋር ይቆማል፤ ወድቆም ቢሆን ይመለሳል። እኛስ አደራ ስንቀበል የምንተማመነው በማን ነው?