ጉም ውስጥ የገባ ቀንበር

ተረት ልነግራችሁ ነው። "የመሠረት" እያላችሁ ከምታቋርጡኝ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ተነስቶ ይሂድ፤ መሐል ላይ ስደርስ "እትዬ፣ ይብቃሽ" የሚለኝን ሰው አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ቀንበሩም እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ ዋሻ ግርጌ የምትባል መንደር ነበረች። ከመንደሯ በላይ ዱር አለ፤ ዱሩ ውስጥ ጅብ አለ። ከዱሩ በታች የሰዎቹ እርሻ አለ። ሁሉም ያለው ቁራጭ መሬት ነው፣ ሁሉም ያለው አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ቤት ይቀናጃል፤ የአንዱ በሬ ከሌላው በሬ ጋር ይጠመድና ዛሬ ያንተ፣ ነገ የኔ እየተባለ ይታረሳል። በዚህ መቀናጆ ማንም ሳይራብ ኖረ፤ ዱሩም ካለበት ንቅንቅ አላለም።

እነዚህ ሰዎች ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። የመቀናጆ ጓደኛን "ዘንድሮ ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መጠየቅ መጠርጠር ነው ይላሉ። ይሉኝታቸው ለጉድ ነበር። በሬውን ይዞ ከመጣ መጣ፤ ከቀረም ቀረ፣ ጓደኛው ተቀይሞ ዝም ነው። ጅቡ ይህን ከላይ ሆኖ ሲያይ ኖረ።

"ያልታረሰ መሬት ቤቴ ነው" አለ ጅቡ። "እነሱ ካልተነጋገሩ፣ እኔ እናገርላቸዋለሁ።"

ሐምሌ ገባ፣ ጉም ወረደ። እጅን ዘርግቶ ጣትን ማየት አይቻልም። በመንደሩ አባ ደርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የሚቀናጁት ከሞላልኝ ጋር ነው። ጅቡ በሞላልኝ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ጠራቸውና፣ ዘንድሮ ሌላ ሰው ይዣለሁ፣ አይጠብቁኝ አላቸው። ዞሮ ደግሞ በአባ ደርሶ ድምፅ ሞላልኝን፣ በሬህ ለኔ አይሆንም አለው። ሁለቱም ሰሙ፣ ሁለቱም አዘኑ፣ ሁለቱም አልጠየቁም።

አባ ደርሶ ዶማ ይዘው ብቻቸውን ወጡ። ረፋዱ ላይ "ኑ፣ እርዱኝ" ሲሉ መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ይኼኛው የጅቡ አይደለም፤ የራሳቸው ድምፅ ነው። ግን ሁሉም፣ የመቀናጆ ጓደኛቸው እያለ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ ብሎ ቁጭ አለ። ጓደኛቸው ደግሞ ቂም ይዟል። ጉሙ ሲገለጥ አባ ደርሶ የሉም። ዶማቸውም የለም። ክረምቱ ሳይወጣ ቁጥቋጦው ወርዶ መሬታቸውን ዋጠው።

በዓመቱ ሐምሌ ጉሙ ተመልሶ ወረደ። ሞላልኝ አብሮት የሚጠምድ ፈለገ፤ ሰው ሁሉ ግን በሱ ድምፅ ክፉ ቃል ከጉም ውስጥ ስለሰማ ፊቱን አዞረበት። በሬውን ነድቶ አገር ለቆ ሄደ። የሱንም መሬት ቁጥቋጦው ዋጠው። አሁን ዱሩ ከአንጓች ማሳ ጫፍ ደረሰ።

አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ያላት ቡሬ የሚባል በሬ፣ ከባሏ የቀረ አሮጌ ቀንበርና ያቺው ማሳ ነው። ጤፉ በሐምሌ ካልተዘራ ልጆቿ የሚቀምሱት የለም። የምትቀናጀው ከጎረቤቷ ከሽባባው ጋር ነው፤ የሱ በሬ ወይኖ ይባላል። በሦስተኛው ሐምሌ ጉሙ ሲወርድ፣ በሽባባው ድምፅ፣ ከሴት ጋር መቀናጀት ሰልችቶኛል የሚል ቃል ሰማች። ሽባባው ደግሞ በሷ ድምፅ፣ ያ ከሲታ በሬህ ከቡሬ ጎን አይቆምም የሚል ሰማ። እሷ አለቀሰች፣ እሱ ተናደደ። ተጠያየቁ? ምን ሲደረግ።

በማግስቱ ጠዋት ከጉሙ ውስጥ የምታውቀው ድምፅ ጠራት።

"ልጄ አንጓች፣ እኔ ነኝ፣ አባ ደርሶ። በሬ ይዤልሽ መጥቻለሁ። ጉሙ ሳይገለጥ ጠምደሽ እረሺ። ፊቱን ግን አትይው፣ ደንባራ ነው።"

ደስታዋ ወሰን አጣ። ሲጠሩን ሳንሄድላቸው ይቅር ብለውን መጡ ብላ እንባዋ ወረደ። ሴት እርፍ ትጨብጣለች ወይ አትበሉኝ፤ የሚርበው ልጅ ያላት ትጨብጣለች። ቡሬን በቀኝ ጠመደችው። የመጣው ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ አንገቱን ከቀንበሩ ስር አስገባ።

ቀንበሩ አቃሰተ። "አንጓች፣ የዚህ አንገት ፀጉር ሻካራ ነው" አለ።

"ዝም በል፣ አርጅተሃል" አለችው።

አረሰች። ትልሙ ግን ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ እየጠመመ ወደ ቁጥቋጦው ወጣ።

በሁለተኛው ቀን ቀንበሩ ደግሞ አቃሰተ። "አንጓች፣ የዚህ ትንፋሽ ሣር ሣር አይልም" አለ።

"ዝም በል፣ ጉሙ ነው የሚሸትህ" አለችው።

አረሰች። ትልሙ ጠመመ፣ ቁጥቋጦው ቀረበ።

በሦስተኛው ቀን ቀንበሩ አላቃሰተም። በሹክሹክታ ተናገረ።

"አንጓች፣ ይህ አንገት ወደ ፊት አይስብም። ወደ ጎን ነው የሚስበው፣ ወደ ቡሬ።"

እርፉን ለቀቀችና የቡሬን አንገት አቀፈች። ቡሬ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። በቀንበሩ በወዲያኛው ጫፍ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ያ የማይታየው ነገር በአባ ደርሶ ድምፅ ቀስ ብሎ ሳቀ። "ትንሽ ነው የቀረን ልጄ" አላት። "እስከ ቁጥቋጦው ብቻ።"

ያን ጊዜ ቡሬ ጮኸ።

ጩኸቱን በሽባባው በረት ወይኖ ሰማው። "ቡሬ እየጠራኝ ነው፣ ፍታኝ" አለ ጌታውን።

ሽባባው እምቢ አለ። የቡሬ እመቤት ሰድባሃለች፣ ከሲታ ብላሃለች አለው።

"ስትሰድበኝ ፊቷን አይተሃል?" አለ ወይኖ።

"አላየሁም። ጉም ነበር።"

"እንግዲያስ ማን እንደሰደበኝ በምን አወቅህ?"

ሽባባው አፈረ። ወይኖን ፈቶ ወጣ። በመንገዱም ያገሩ ሰው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ የየቤቱን በር እያንኳኳ፣ አንተስ ከጉም ምን ሰማህ፣ አንቺስ ምን ሰማሽ እያለ ጠየቀ። ለካስ ሁሉም ሰምቶ፣ ሁሉም ተቀይሞ ቁጭ ብሏል። ሁሉም ተነሳ። እንዳይጠፋፉ አንድ ረጅም ገመድ ይዘው፣ ወይኖን አስቀድመው ወደ ማሳው ወጡ።

ከጉሙ ውስጥ የአንጓች ድምፅ መጣ፤ ደህና ነኝ፣ ተመለሱ አለ። አልተመለሱም። የሞላልኝ ድምፅ መጣ፤ ፊታችሁ ገደል ነው አለ። አልቆሙም። በሦስተኛው የመጣው የራሱ የሽባባው ድምፅ ነው፤ ስቼ ነው ያመጣኋችሁ፣ ወደ ቤት እንግባ አለ። ሰዎቹ ደንግጠው ቆሙ። ከኋላ የነበረች አንዲት ሴት ግን ገመዱን ይዛ እየዳበሰች እስከ ፊት መጣችና የሽባባውን አፍ በእጇ ነካች። አፉ ዝግ ነው። ወደፊት ሄዱ።

አንጓች የቡሬን አንገት አቅፋ ቆማለች። ቀንበሩ ያንን ነገር አንገቱን ጠምዝዞ ይዞታል። "ቶሎ በሉ፣ እኔ እንደሆንኩ አርጅቻለሁ" እያለ ይንቀጠቀጣል።

"አንጓች፣ እኔ ነኝ" አለ ሽባባው።

"ፊትህን አሳየኝ" አለችው።

ጉሙን በእጁ እየገፋ መጥቶ ፊቱን ከፊቷ አስጠጋ። አየችውና እጁን ይዛ አለቀሰች። ያ የተጠመደው ይህን ሲሰማ ተወራጭቶ ወጣ፤ ቀንበሩ ላይ ጭብጥ የምትሞላ የጅብ ፀጉር ቀረች። ወይኖ አንገቱን ገና ባልቀዘቀዘው ቦታ አስገባ። ጉሙ ሲገለጥ ሰዎቹ የአንጓችን ትልም አዩ፤ የመጨረሻው ቁጥቋጦው ስር ደርሶ ነው የቆመው። እዚያው ስር፣ ሥር ተጠምጥሞበት፣ የአባ ደርሶ ዶማ ተጋድሟል። ያን ቀን መንደሩ ሁሉ ተረባርቦ የአንጓችን ማሳ አርሶ፣ ዘርቶ ገባ።

ከዚያ ወዲህ በዋሻ ግርጌ ጉም ውስጥ የተባለ ነገር አይቆጠርም። የሚቀናጅ ሰው በሐምሌ መባቻ ጓደኛው ደጅ ይሄዳል፣ ፊቱን እያየ ይጠይቀዋል። ነውር መሆኑም ቀረ።

ጅቡ ግን የአባ ደርሶን ድምፅ አልመለሰም። ጉም በወረደ ቁጥር ከላይ "ኑ፣ እርዱኝ" ይላል። ሰዎቹ ጅብ መሆኑን ያውቃሉ። ቢሆንም ገመዳቸውን ይዘው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣሉ፤ አንድ ቀን እውነተኛ ሰው ቢሆንስ? ከወጡ በኋላ ደግሞ ባዶ እጃቸውን መመለስ ስለማይወዱ ቁጥቋጦ ነቅለው ይገባሉ። ጅቡ በጠራ ቁጥር ቤቱ ጠበበ። የሞላልኝም መሬት ጸዳ፣ የአባ ደርሶም ጸዳ። አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ቀረ።

ሽባባው ይህቺንም እንንቀላት ሲል አንጓች እጁን ያዘችው።

"ተዋት" አለችው። "ያን ቀን አባ ደርሶ ሲጠሩን አልሄድንም። ይቺ ከተነቀለች ድምፃቸውን ከየት እንሰማለን?"

እስከ ዛሬ ዙሪያዋን ያርሳሉ።

ተረቴ ይኸው ነው። የጎረቤቱ ማሳ ዱር ሲሆን ዝም ያለ ሰው፣ ዱሩ ወደ ራሱ ደጅ እየመጣ መሆኑን ይወቀው። እናንተም ተረቴን ለኔ አትመልሱልኝ፤ ይዛችሁት ጎረቤት ሂዱና፣ አርሳችኋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ፊታቸውን እያያችሁ።