በበሩ ላይ የቆሙት ጨዋዎች

አንድ የማር ነጋዴ ነበር። ስሙ ባይለየኝ ይባላል። ሀብት ነበረው፣ ሰፊ ግቢ ነበረው፣ የልጅ ልጅ ግን አልነበረውም። አንዲቷ ልጁ ፈትለወርቅ ከዚህ በፊት የወለደቻቸው ሁለት ሕፃናት ሳይሰነብቱላት ቀርተዋል። ሦስተኛው ወንድ ነው፤ ለክርስትናው በቃ። እሱም ቢሆን ደረቱ ደካማ ነበር፤ ትንሽ ብርድ ካገኘው ሲያስለው ያድራል። አያቱ ግን ከደስታው ብዛት አገሩን በሙሉ ለክርስትናው ድግስ ጠራ።

ድግሱ የተሰናዳው ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው አትክልት ውስጥ ነው። ሚስቱ ዳስ ይጣል ብላ ነበር። እሱ ግን በጥር ወር ምን ዝናብ አለና ነው፣ ሰው ዛፌንና አበባዬን ይይልኝ እንጂ ብሎ አሳፍሮ መለሳት። ቄጤማ ተጎዘጎዘ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። ዳኛውና የደብሩ አለቃ ከቤቱ በር አጠገብ የክብር ቦታ ተሰጣቸው። ፈትለወርቅ ደግሞ ፀሐይ ልጁን እንዳያገኘው ብላ ከአትክልቱ ዳር፣ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀመጠች።

ምሳ እንደቀረበ ሰማዩ ጠቆረ። አንድ ሁለት ጠብታ ወረደ። ሁሉም ቀና ብሎ አየ፣ ማንም ግን አልተነሳም። እንግዶቹ ዳኛው ሳይነሱ መነሳት ነውር ነው ብለው ተቀመጡ። ዳኛው ደግሞ ለካፊያ ተነሱ እንዳይባሉ ተቀመጡ። አለቃው ያልፋል አሉ። ባይለየኝም እንግዳን ተነሱ ማለት ማባረር ስለሚመስል እጁን እያፋተገ ቆመ። ወጡ እየቀጠነ፣ የጎደለው ብርጭቆ ሁሉ ከሰማይ እየሞላ፣ ሰዉ ምንም እንዳልተፈጠረ መጉረሱን ቀጠለ። ከዚያ ዶፉ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ።

የባይለየኝ ቤት አዳራሹ ሰፊ ነው፣ በሩ ግን አንድና ጠባብ ነው። ማሩን የሚያስቀምጠው እዚያው ስለሆነ ሌባ ፈርቶ ነው እንዲህ ያሠራው። እንግዳው ተነስቶ ወደዚያ በር አመራ። መቼም ጨዋ ሰው አይጋፋም፤ በተርታ፣ በየማዕረጉ ሄደ። ከፊት ዳኛውና አለቃው እኩል ደረሱ፣ እኩልም ቆሙ።

ዳኛው እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው፣ “ይግቡ አባቴ” አሉ።

“እርስዎ እያሉ? አይደረግም።”

“በሞቴ ይግቡ።”

“እኔ ልሙት፣ እርስዎ ይቅደሙ።”

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን ሁሉ መተረክ ያሰለቻል። አንዱ ዕድሜ ሲጠቅስ ሌላው ሹመት ይጠቅሳል፤ አንዱ ክህነት ሲያነሳ ሌላው የአባቶቻቸውን ወዳጅነት ያነሳል። የሚብሰው ደግሞ ነገሩ ወደ ኋላ መጋባቱ ነው። ከእነሱ ቀጥለው የቆሙት ሽማግሌዎች ገና በሩ ሳይደርሱ እዚያው በቆሙበት ይቅደሙ ይቅደሙ ይባባሉ ጀመር። በረዶው ራስ ራሳቸውን በቀጠቀጣቸው መጠን ጨዋነታቸው እየባሰባቸው ሄደ።

ባይለየኝ ውስጡ ተንጨረጨረ። ወጡን ትቶታል፣ ምንጣፉንም ትቶታል። የሚያየው ፈትለወርቅን ነው። ከሁሉም ኋላ ቆማ፣ ነጠላዋን በሕፃኑ ላይ ደራርባ፣ ወገቧን አጉብጣ በረዶውን በጀርባዋ ትመክታለች። ከፊቷ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ በሩ ስላዞረ ያያት የለም። ታላላቆቿን ገፍታ ማለፍ ደግሞ የማይታሰብ ነው። እንዲያ አድርጎ ያሳደጋት ራሱ ነው።

በሰው መሀል ተሹለክልኮ ከሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ደረሰ። በልቡ ወይ ግቡ ወይ ከበሩ ዞር በሉ ሊላቸው ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ጌቶቼ እባካችሁ ግቡልኝ የሚል ልመና ሆነ። ሁለቱም ይህንኑ ይጠብቁ እንደነበር ሁሉ ዞሩበት። ዳኛው፣ “እንዲያውማ የቤቱ ጌታ ይቅደም” አሉ፤ አለቃውም ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ።

መንገዱ ተከፈተለት። አንድ እርምጃ ቢራመድ ሰው ሁሉ ተከትሎት ይገባል፣ ጣጣው ያልቃል። ባይለየኝ ምን ቢል ጥሩ ነው?

“ኧረ ምን ሲደረግ፣ እናንተ እያላችሁ?”

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱን በጥፊ መምታት አማረው። ስንት ዓመት ያስለመደው ምላሱ፣ ዛሬም እሱን ሳይጠይቅ በለመደው መንገድ ሄደበት። ዳኛውና አለቃውም ፊታቸው በራ፣ ክርክሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

በዚህ መሀል ከኋላ ሳል ተሰማ። የትልቅ ሰው ሳል አልነበረም። ቀጥሎ የፈትለወርቅ ድምፅ መጣ።

“አባዬ፣ ልጁ ቀዘቀዘብኝ።”

ከዚያ በኋላ ባይለየኝ ጨዋነቱ የት እንደገባ አያውቅም። ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሕፃኑን ተቀብሎ ከካፖርቱ ሥር ሸጎጠው፣ ፈትለወርቅን በሌላ እጁ ይዞ ተመለሰ። ሁለቱ በሩ ላይ ገና እጅ እየተነሳሱ ነበር። ይቅርታ ሳይል በመሀላቸው ጥሶ ገባ። ዳኛው ከመቃኑ ጋር ተላተሙ። የአለቃው ጥምጣም ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ሰዉም ሁሉ ይቅደሙ ማለቱን ትቶ ተግተልትሎ ገባ።

የሕፃኑ ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ልብሱን ቀይረው ምድጃ ዳር አደረጉት፤ እናቱ ደረቷ ላይ ለጥፋ ብዙ ካሞቀችው በኋላ ነው ድምፁን አውጥቶ ያለቀሰው።

ሲያለቅስ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ባይለየኝ፣ በሰው ፊት አዋረድኸን። እኛ ስንከባበር ምን አጠፋን?”

“ጌታዬ” አለ ባይለየኝ። “እርስዎ አለቃን አከበሩ፣ አለቃ እርስዎን አከበሩ፣ እኔ ሁለታችሁንም አከበርኩ። በረዶ ሲወርድበት የቆየውን ሕፃን ያከበረ ግን አልነበረም። ግባ ስትሉኝ እምቢ ያልኩት እኔው ነኝና እናንተን ብቻ አልወቅስም። በራሴ አፍሬያለሁ።”

ዳኛው ካባቸውን ጠቅልለው ወጡ። ሲወጡ ማንንም ይቅደሙ አላሉም። አለቃው ግን ባዶ ራሳቸውን እየዳበሱ ጥቂት ቆዩ። ዳኛውን ያከበሩ መስሏቸው እንደነበር፣ እውነቱን ሲመረምሩት ግን አለቃው ቀድመው ገቡ መባልን ፈርተው እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ ወደ ፈትለወርቅ ሄደው ይቅርታ ለመኗት።

ፈትለወርቅ ከልጇ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ መለሰች። “ከእርስዎ ኋላ ብዙ ሰው ነበር፣ አባቴ። አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ ቢያየን ይበቃን ነበር።”

ወዳጆቼ፣ ይቅደሙ ማለት ደግ ነገር ነው። የተፈጠረው ግን መንገድ ለመልቀቅ ነው፤ እኛ መንገድ እንዘጋበታለን። በስንቱ ስብሰባ፣ በስንቱ ሽምግልና እኩዮቻችን ቅር እንዳይላቸው እየተጠባበቅን፣ ተራ የማይደርሳቸውን ሰዎች ውጭ አቁመናል? ስማችንን ስንጠብቅ ቆይተን ትሕትና ነው እንላለን። ደካማውን የማያስጠልል አክብሮት ደግሞ ኩራት ነው፣ ጎንበስ ብሎ ቢመጣም።

እስቲ ይህን ያነበብክ ወዳጄ፣ ዛሬ የቆምክበት በር ካለ አንድ ጊዜ ዞር በል። ከኋላህ ማን እየረጠበ ነው?