ለእማማ ዘርፌ ዊልቸር ማን ቀድሞ ይፈርም

ይህን ያወጋችኝ የሥጋ ቤቱ የድንበሩ ሚስት ሽታዬ ናት። ለማንም እንዳትናገሪ ብላ አስምላኛለች። አልተናገርኩም፤ ጻፍኩት እንጂ። እሷ ያላየችውን ደግሞ እኔ በአጥሬ ቀዳዳ ስላየሁ ከሁለታችን ያመለጠ ነገር የለም።

እማማ ዘርፌ ዳሌያቸው ከተሰበረ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ከአልጋቸው ሆነው የሚያዩት ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ካላንደር። ውሃ የምታቀርብላቸው፣ ልብሳቸውን የምታጥብላቸው ጎረቤታቸው ትርንጎ ናት፤ ያቺ ቅቅል ድንች ሻጯ። ትርንጎ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ለእማማ ዘርፌ ዊልቸር።

ጤና ጣቢያው አጠገብ ያለው ማኅበር የእግር ጉዞ አዘጋጀና ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱ አምስት መስመር አለው። አምስት ሰው በየኪሎ ሜትሩ የሚሰጠውን ጽፎ ከፈረመላት፣ እሷ እሁድ አሥር ኪሎ ሜትር ትራመዳለች፣ ዊልቸሩም ይመጣል። ወረቀቱ የሚመለሰው ዓርብ ነው።

ረቡዕ ዕለት ባለሱቁ ሙዘይን ዘንድ ሄደች።

«ሙዜ፣ ስፖንሰር ሁነኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልራመድ።»

«ለመራመድሽ ነው የምከፍልሽ? ስንት ዓመት በሱቄ በር በነፃ ስትራመጂ።» ወረቀቱን ግን ተቀብሎ አየው። አምስቱም መስመር ባዶ ነው። እስክሪብቶውን መልሶ ጆሮው ላይ ሰካ። «ጋሽ ድንበሩ እያለ እኔ ከላይ ልፈርም? ነውር ነው። እሱ ይፈርም፣ እኔ ከሥሩ እገባለሁ።»

አክብሮት ይሉታል። እኔ የማውቀውን ልናገር፤ ፊተኛው ስንት እንደጻፈ አይቶ ትንሽ ቀነስ ለማድረግ ነው።

ወደ ሥጋ ቤቱ ሄደች፤ ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም ሥጋ አለ።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ፈርምልኝ። ሙዘይን ካንተ አልቀድምም አለ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ዊልቸሩ የለም፣ እማማ ዘርፌም ግድግዳ ያያሉ።»

ድንበሩ ቢላዋውን እየሳለ አዳመጣት። «ከአስካለ በፊት እኔ? ባለወፍጮ እኮ ናት። ቀደመኝ ብላ የሽታዬን በርበሬ ወረፋ መጨረሻ ላይ ብታደርግብኝ፣ በምን ፊቴ ቤቴ እገባለሁ? እሷ ትፈርም።»

ሽታዬ ይህን ስትነግረኝ ሳቋ አላስቀጥላት ብሎ ነበር። ባሏ ከአስካለ ይልቅ የሚፈራው እሷን መሆኑን ራሱም አላወቀም።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች።

«እትዬ አስካለ፣ ፈርሚልኝ። ጋሽ ድንበሩ ካንቺ አልቀድምም አለ፣ ሙዘይን ከጋሽ ድንበሩ አልቀድምም አለ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ዊልቸሩ የለም፣ እማማ ዘርፌም ግድግዳ ያያሉ።»

«ምን?» አለች አስካለ፤ ወፍጮው ይጮሃል። ትርንጎ ሁሉንም እንደገና እየጮኸች ተናገረች። ለማስፈጨት የተሰለፈው ሁሉ ሰማ፤ እኔም ጤፌን ይዤ አራተኛ ነበርኩ።

«ሻምበል ታፈሰ እያሉ?» አለች አስካለ ዱቄቱን ከቅንድቧ እየጠረገች። «የእድራችን ዳኛ እኮ ናቸው። ባሌ የሞተ ቀን ድንኳን ያስተከሉልኝ ማን ሆኑና? ቀድሜያቸው ፈርሜ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ድንኳኑ ተቀዷል ይበሉኝ? እሳቸው ይፈርሙ።»

ሐሙስ ጠዋት ሻምበል ታፈሰ ቤት ሄደች።

«ሻምበል፣ ይፈርሙልኝ። እትዬ አስካለ ከርስዎ አልቀድምም አለች፣ ጋሽ ድንበሩ ከእትዬ አስካለ አልቀድምም አለ፣ ሙዘይን ከጋሽ ድንበሩ አልቀድምም አለ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ዊልቸሩ የለም፣ እማማ ዘርፌም ግድግዳ ያያሉ።»

ሻምበል መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ፊቱንም ጀርባውንም አነበቡት፤ ጀርባው ላይ ምንም አልተጻፈም። «የመጀመሪያው መስመር የአንጋፋ ነው» አሉ። «በሰፈራችን በዕድሜ ትልቋ ማን ናት?»

«እማማ ዘርፌ ናቸው።»

«እንግዲያው እሷ ትቅደም።»

«ሻምበል፣ ዊልቸሩ እኮ ለሳቸው ነው።»

«ለማንም ይሁን። ታላቅ ታላቅ ነው።»

ትርንጎ እያፈረች እማማ ዘርፌ አልጋ አጠገብ ቆመች።

«እማማ፣ ምን ብዬ እንደምነግርዎት አላውቅም። ሻምበል ከርስዎ አልቀድምም አሉ፣ እትዬ አስካለ ከሻምበል አልቀድምም አለች፣ ጋሽ ድንበሩ ከእትዬ አስካለ አልቀድምም አለ፣ ሙዘይን ከጋሽ ድንበሩ አልቀድምም አለ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ዊልቸሩ የለም፣ እርስዎም ግድግዳ ያያሉ።»

«እፈርማለሁ» አሉ እማማ ዘርፌ። «ግን ሳላይ አልፈርምም።»

«ምኑን?»

«መራመድሽን ነዋ። የማላየው ነገር ላይ ጣቴን አላሳርፍም። መንገድ ዳር አስቀምጪኝ፣ ተራመጂ፣ ልይሽ፣ ከዚያ አውራ ጣቴ ያንቺ ነው።»

«በምን ላይ ላስቀምጥዎት?»

«የእድሩ ወንበር አለ አይደል፣ ያ ባለ መደገፊያው። አርባ ዓመት ከፍዬበታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳልቀመጥበት።»

ትርንጎ ወደ ሻምበል ተመለሰች። ሻምበል የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡት፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት። «የእድር ወንበር የሚወጣው ለለቅሶ ነው። ለሕያው ሰው ይውጣ የሚል አንቀጽ የለም።»

ያን ጊዜ ነው ትርንጎ በአጥሬ በኩል ወደ እማማ ዘርፌ ቤት ስታልፍ ያየኋት፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ወረቀቱ የሚመለሰው በማግስቱ ነው። እኔም የማጥበው ሳይኖረኝ ልብስ አጥባለሁ ብዬ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

«አለቀልን፣ እማማ» አለች። «ሻምበል ወንበር አልሰጥም አሉ። ያለ ወንበር እርስዎ አይወጡም፣ ካልወጡ አይፈርሙም፣ እርስዎ ካልፈረሙ ሻምበል አይፈርሙም፣ ሻምበል ካልፈረሙ እትዬ አስካለ አትፈርምም፣ እሷ ካልፈረመች ጋሽ ድንበሩ አይፈርምም፣ እሱ ካልፈረመ ሙዘይን አይፈርምም፣ ወረቀቱ ባዶ ነው፣ ቀኑ ደግሞ ነገ ነው።»

 እማማ ዘርፌ ሳቁ፤ እስከ አጥሬ ተሰማኝ። «የክርስትና ልጄን ጎሹን ነገ ጠዋት ጥሪልኝ» አሉ።

ጎሹ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው። ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣ።

«ንፋ» አሉት።

«ምን ብዬ፣ እናቴ?»

«ወደ እማማ ዘርፌ ቤት ኑ በል። ሌላ ቃል አትጨምር፤ ውሸት አልወድም።»

ጎሹ ነፋ። ወደ እማማ ዘርፌ ቤት፣ ወደ እማማ ዘርፌ ቤት።

አስካለ ወፍጮውን አጠፋች፣ ድንበሩ ሥጋውን ሚዛን ላይ ተወ፣ ሙዘይን ሱቁን በደንበኛ ፊት ዘጋ፣ ሻምበል ቁልፋቸውን አወጡ። ወንበሩ ወጣ፣ አግዳሚው ወጣ፣ ድንኳኑም ወጣ። አስካለ ከመንገድ ጀምራ፣ «እህል ስትሰጪ እጅሽ የማይሰስት፣ ዘርፍዬ» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች።

እማማ ዘርፌ ሻሻቸውን አስረው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ቆያችሁ» አሉ። «ሞቼ ቢሆን እስካሁን ቀዝቅዤ ነበር። አስካለ፣ ምነው አቋረጥሽው? ደህና እያሞገስሽኝ ነበር።»

 ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ዘርፌ፣ ይህ የእድር ወንበር ነው፤ ደንቡ የሚለው...» ብለው ጀመሩ።

«ደንቡ ለለቅሶ ይውጣ ነው የሚለው። ወጥቷል። ተለቅሷል። ከዚህ በላይ ለቅሶ ከየት ላምጣ? ድንበሩ፣ አንተ በዚያ ያዝ፤ ሙዘይን፣ አንተ በዚህ።»

ተሸክመው አወጧቸው። መንገድ ዳር ሲያስቀምጧቸው እማማ ዘርፌ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አዩ። «ያ ዛፍ ተቆረጠ እንዴ?» ብቻ አሉ። ቀጥሎ፣ «በይ ተራመጂ፣ ልጄ።»

ትርንጎ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄዳ ተመለሰች።

«ትራመዳለች» አሉ። «መቶ ብር ብለሽ ጻፊ፤ በየኪሎ ሜትሩ።»

«እማማ፣ ከየት አምጥተው?»

«ለቀብሬ የቋጠርኩት አለ። ለቅሶው እንደሆነ ዛሬ በነፃ ተደርጎልኛል።» አውራ ጣታቸውን ሻምበል የያዙት የእድሩ ማኅተም ቀለም ላይ ነክረው የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፉ።

ሦስት ዓመት ከአልጋ ካልወረደች አሮጊት ሥር ቀንሶ የሚጽፍ ፊት ማን አለው። እማማ ዘርፌ ፈረሙ፣ ሻምበል ከእማማ ዘርፌ ሥር መቶ ብለው ፈረሙ፣ አስካለ ከሻምበል ሥር መቶ ብላ ፈረመች፣ ድንበሩ ከአስካለ ሥር መቶ ብሎ ፈረመ፣ ሙዘይን እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ፣ ላቡን ጠረገ፣ ከድንበሩ ሥር መቶ ብሎ ፈረመ። ወረቀቱ ሞላ።

ትርንጎ እሁድ አሥሩን ኪሎ ሜትር ተራመደች፤ ጫማዋ ሰባተኛው ላይ ተበጥሶ በባዶ እግሯ ጨረሰች። ሙዘይን አዲስ ጫማ ሸጠላት፤ ሳይቀንስ። ድንበሩ ዓርብ ዕለት ሚዛን ላይ የተወውን ሥጋ ውሻ በላው። አስካለ ሙሾዋን ለሌላ ሰው አታሰማም፤ ቀሪው የዘርፌ ነው ትላለች። ሻምበል ደንቡ ላይ «ጥሩንባ ለሕያው ሰው አይነፋም» የሚል አንድ አንቀጽ ጨመሩ። ጎሹ ሃምሳ ብር ተቀጣ፤ እማማ ዘርፌ ከፈሉለት።

ዊልቸሩ ሐሙስ መጣ። እማማ ዘርፌ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ናቸው፤ ማን ከማን ቤት እንደወጣ አሁን ከኔ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።