የአንጓች ዳቦ ቀዳዳ

በሣር ውኃ አገር ዶሮ ዳቦ ሲጋገር አናቱ ላይ የጣት ቀዳዳ ይተውለታል። ዶሮ ዳቦ ማለት ወጡን ከነእንቁላሉ በሊጥ ጠቅልለው፣ በኮባ ሸፍነው፣ ከታችም ከላይም እሳት አድርገው የሚያበስሉት ነው፤ ሌላ አገር ቢሆን አንዲት ጠብታ ሳያፈስ የወጣው ነው የሚመሰገነው። የሣር ውኃ ዳቦ ግን ያፈሳል። በቀዳዳው ዙሪያ ቅቤው በርበሬ መስሎ ይወርድበታል። ከማዶ አገር የመጣ እንግዳ አይቶ፣ «ሴቶቻችሁ መድፈን አያውቁም እንዴ?» እያለ ይስቃል፤ የቤቱ ሰው አብሮት አይስቅም፣ አይቆጣውምም። ከመንደሩ በላይ ደግሞ አንጓች በር የሚባል ገደል አለ። በር ይባል እንጂ መዝጊያ የለውም፣ አፉን የከፈተ ዋሻ ነው፤ ዝናብ ሲያባርራት ፍየል እንኳ አትጠለልበትም ይባላል። ቀዳዳውም ዋሻውም ከአንዲት ሴት የመጡ ናቸው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

አንጓች የቢሻው ሚስት ነበረች። ዘመኑን በዓመት ቆጥሮ የነገረን የለም፤ ብቻ ጦር ከአገር አገር የሚያልፍበት፣ ያለፈበትም አገር የሚራብበት ዘመን ነበር። መልኳን ያወሳ ሰው አልተገኘም፤ የሚወሳው እጇ ነው። ሊጡን ስታጥፈውና ጠርዙን በርጥብ ጣቷ ስታያይዘው መጋጠሚያው የት እንደ ነበረ ራሷ እንኳ መልሳ አታገኘውም ነበር ይባላል። ወጡ የሚታወቀው ዳቦው ሲቆረስ ነው፤ እስከዚያ ሽታም አይወጣው። ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ሲገኝ «እሱ እኮ የአንጓች ዳቦ ነው» ይባል ነበር፤ እሷም ይህን ስትሰማ መሬት መሬቱን እያየች በልቧ ደስ ይላታል።

አንድ ጥር ላይ፣ እህሉ ተወቅቶ ሳያበቃ፣ ጦር እየመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ጦር ሲሰፍር እህል ይበላል፣ ከብት ያርዳል፤ ይህ ይቻላል። ዘሩን ከበላና ጎልማሳውን ስንቅ ተሸካሚ አድርጎ ከወሰደ ግን አገር ጠፋ ማለት ነው፤ ተሸካሚ ሆኖ ሄዶ የተመለሰ ሰው ታይቶ አያውቅምና። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ድንቁ ሰዉን ሰበሰቡና፣ «ዘሩም ጎልማሶቹም ዋሻ ይግቡ፤ አፉ ይደፈን» አሉ።

«ማን ይድፈነው?» አለ አንዱ።

«የሚደፍን እጅማ መች ጠፋ» አሉ አያ ድንቁ፣ ወደ አንጓች እያዩ።

ሰባት ወንዶች ገቡ፤ አንዱ ቢሻው ነው። ዋሻው ጠባብ ስለ ነበር የዘሩ ስልቻ ከተደረደረ በኋላ ጉልበታቸውን አቅፈው ነው የተቀመጡት። አፉ በድንጋይ ተካበ፤ አንጓች ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታ ትለስን ጀመር። የቢሻው ፊት የሚታይበት ቦታ ብቻ ሲቀር፣ «አንቺ፣ እንደ ዳቦሽ እንዳታደርጊን» አላት።

«ወጥ አይናገርም፤ ዝም ብለው ይቀመጡ» አለችው።

ከውስጥ ሰዎቹ ሳቁ። «ብቻ በርበሬው አይብዛብን» አለ አንዱ ከጨለማው።

እህል በጉድጓድ የሚያኖር ገበሬ፣ የታፈነ እህል አየሩ ሰው እንደሚጥል አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ከዋሻው አፍ በላይ፣ ከገደሉ ጥላ ሥር፣ የጣት ቀዳዳ እንድትተው ተስማሙ። ጦሩ ሲሄድ እሷ መጥታ በድንጋይ ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፤ ይህን ሳይሰሙ፣ ሌላ ምንም ነገር ቢሰሙ፣ ጭቃውን ላይነኩ ሰባቱም ማሉ። አየር ካጠራቸው ደግሞ እነሱ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ከዚያ ቢሻው ፊቱን መለሰና ደፈነችው። የገደሉን አፈር በትናበት ስትወርድ አያ ድንቁ በዋሻው ፊት ሁለት ጊዜ አለፉ ይባላል፤ አላወቁትም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጦሩ ከወንዙ ማዶ ታየ። ብርዱ የጥር ብርድ ነው። አንጓች ቀና ብላ ገደሉን ብታይ ከቀዳዳው ነጭ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። የሰባት ሰው ትንፋሽ ነው። ያፈሰሰ ዳቦ ይመስል ነበር። እዚህ ላይ ወሬው ሁለት ነው፤ አንዳንዱ ሰዎቹ እንዳይታዩባት ፈርታ ነው ይላል፣ ሌላው ግን እጇ አላስቻላትም፣ የሷ ሥራ ሲያፈስ አይታ አታውቅም ነበርና ይላል። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። እፍኝ ጭቃ ይዛ ገደሉን ሮጣ ወጣች፤ አፏን ከቀዳዳው አስጠግታ፣ «እስኪያልፉ ነው፤ እስከ ቀትር» አለች።

«እስከ ቀትር» አለ ቢሻው ከውስጥ።

በአውራ ጣቷ ደፈነችው።

ጦሩ ግን አላለፈም። ከገደሉ ሥር ያለውን መስክ ወደደውና ድንኳኑን እዚያው ተከለ፣ ዘብም ወደ ገደሉ የሚያወጣውን መንገድ ያዘ። አንጓች እንጨት ልልቀም ብላ ሄደች፤ መለሷት። ጥጃ ጠፋብኝ ብላ ሄደች፤ «ጥጃሽ ገደል የሚወጣ ከሆነ ዝንጀሮ ነው» ብለው ሳቁባትና መለሷት። ቀትር ደረሰ፣ አለፈም። የቢሻው እናት እማማ ደብሬ ወደ አንጓች ቤት መጣችና እጇን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ «ቀዳዳውን ትተሽላቸዋል አይደል?» አለቻት።

«ትቻለሁ፣ እማማ።»

ይህን ብላ ስታበቃ ወደ አያ ድንቁ ሄደች። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸውና፣ «ለአለቃው ልናገር» አለች።

«ብትናገሪስ?»

«ይወጣሉ። ይተነፍሳሉ።»

«በገመድ ታስረው ይሄዳሉ። ዘሩም ለፈረስ ይሰጣል። ክረምት ሲመጣ ይህን ሁሉ ሕፃን ምን ልታበይው ነው?» አሉ። ከዚያ፣ «ዋሻው ሰፊ ነው፤ አይዞሽ» አሉ። ጠባብ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጦሩ አለቃ ሰው ላከባት። የዳቦዋ ወሬ ደርሶት ኖሯል። እሷም፣ ሰው ከጠገበ ይሄዳል ብላ አሰበች። ዶሮ አረደች፣ ሊጥ አቦካች፣ በዕድሜዋ ጋግራ የማታውቀውን ያህል አሳምራ ጋገረች። አለቃው በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ ጢሙን ጠረገ። «ነገ በማለዳ ልንነሣ ነበር» አለ። «እንዲህ ያለ ዳቦ የሚጋገርበትን አገር ማን ጥሎ ይሄዳል? ነገም ይደገም።» ዛሬም በሣር ውኃ ሴቶች፣ ወጥ ያሳመረች እንግዳ አታስነሣም ይባባላሉ፤ ለሙገሳ አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ከገደሉ ሳትነቅል ጋገረች። ቢሆንም መጋጠሚያው እንደ ወትሮው ጠፋ፤ እጇ የለመደውን ነው የሠራው። ዳቦውን በሰፌድ ተሸክማ ስትሄድ ግን ቆርጣለች፤ ዘሩም ይሂድ፣ ሰዎቹም ይታሰሩ፣ ብቻ ይተንፍሱ፣ እናገራለሁ ብላ ነው የሄደችው። ከአለቃው ፊት አኖረችውና ቆመች። አለቃው፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ መብሰሉን ለማወቅ የዳቦውን ጀርባ በጣቱ አጥንት ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

ሦስት ጊዜ ተመለሰለት።

ከገደሉ ይሁን ከዳቦው፣ ይህን የሚያውቅ የለም። አለቃው እጁን ሰበሰበ። «ሰማሽ?» አላት።

አንጓች አፏን ከፈተች። ሊወጣ የነበረው ሌላ ቃል ነበር ይላሉ። ግን ዕድሜዋን ሁሉ ስትደፍን የኖረች ሴት ናት።

«ወጡ ነው፣ ጌታዬ። ሲፈላ ነው» አለች።

«ወጥ ያንኳኳል?»

«ጥሩ አድርጎ ከተደፈነ ያንኳኳል።»

አለቃው ሳቀ። «የሣር ውኃ ዶሮ ታርዶም አርፎ አይተኛ» ብሎ ቆረሰው፤ ያሽከሮቹም ሳቅ ተከተለ። እንፋሎቱ ፊቷን መታት። አለቃው እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ቆማ ቆየች፤ ጆሮዋ ግን ገደሉ ላይ ነበር። ሁለተኛ አልተንኳኳም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጦሩ ተነሣ። የመጨረሻዋ በቅሎ ወንዙን ሳትሻገር አንጓች ገደሉን ወጣች። ድንጋይ አንሥታ ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ደገመች። ዝም ሲላት ጭቃውን በጥፍሯ ልታፈርስ መጋጠሚያውን ፈለገች፤ የዋሻው ጠርዝ የት አብቅቶ ጭቃው የት እንደሚጀምር ግን ልታገኘው አልቻለችም። ሰዎች በዶማ ደርሰው እስኪከፍቱት ጥፍሮቿ አልቀው ነበር ይባላል። ሲከፈት የወጣው አየር የምድጃ አየር ይመስል ነበር። ሰባቱም ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ተቀምጠዋል። ጭቃውን ከውስጥ የነካው የለም፤ መሐላቸውን ጠብቀዋል። ቢሻው ብቻ ድንጋይ በእጁ ይዟል። ዘሩ ደኅና ነበር።

«ውጡ፤ ሄደዋል» አለች አንጓች።

ሊይዟት ሲቀርቡ፣ ረጋ ብላ፣ ያልሰማ ሰው እንደሚነገረው አድርጋ፣ ያንኑ ደገመች።

ዘሩ ተዘራ፤ በቀለ፤ መንደሩም ከዚያ እህል በላ። በዚያ ምክንያት ማንም አልወቀሳትም፤ ማንም ደግሞ አላመሰገናትም። ሰው ሰላም ይላታል፣ እሷም ትመልሳለች። የከበዳት ይሄ ነው ይላሉ፤ ቢረግሟት ይቀላት ነበር። አያ ድንቁም ከዚያ ወዲያ በቤት ውስጥ መተኛት አልሆነላቸውም፤ እስኪሞቱ ድረስ ክረምትም በጋም በረንዳ ላይ አደሩ።

ዓመቱ ሲደርስ የሰባቱ ተዝካር ሆነ። አንጓች ዳቦ አልጋግርም አለች። እማማ ደብሬ መጣችና፣ «ልጄ ያንቺን ዳቦ ይወድ ነበር፤ ጋግሪ» አለቻት። ይቅርታ ይሁን ቅጣት፣ ዓይኗን ያየ ሰው እንኳ አልለየውም። ጋገረች። ስንዴው ከዚያው ዘር የወጣ ነው፣ ድፍኑም የድሮው ድፍን ነው። ሰዉ ተሰብስቦ ካህኑ ሊባርኩ ሲነሡ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። በሩ አጠገብ የነበረ ሰው ከፍቶ አየ፤ ማንም የለም። ሊዘጋው ሲል እንደገና ተንኳኳ፤ ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ወደ ዳቦው መለሰ።

እማማ ደብሬ፣ ለአለቃው የመለሰችለትን ሰምታ ኖሮ፣ «አሁንስ ወጡ ነው ትይኛለሽ?» አለች።

አንጓች ተነሥታ ጣቷን እስከ ሥሩ ዳቦው ውስጥ ከተተችው። ከእሳት የወጣ ገና ነበርና ጣቷ ተላጠ፤ አልጮኸችም። ስትስበው እንፋሎቱ ተከትሎ ወጣ። እንደ ሌላ እንፋሎት ባንድ ጊዜ አልወጣም፤ ይወጣና ያርፋል፣ ይወጣና ያርፋል። ሰባት ጊዜ ነው የሚሉ አሉ፤ የቆጠረ ግን የለም፣ ሰዉ የራሱን ትንፋሽ ይዞ ነበርና። ሲያበቃ እማማ ደብሬ ነጠላዋን ቀድዳ የአንጓችን ጣት አሰረችላት። ካህኑም ባረኩ፤ ተቆረሰ።

አንጓች ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች ይባላል። እንስራዋን አትከድንም፣ ሌማቷን አትገጥምም፤ አይጥ ቢገባበትም ግድ የላት። ሙሽሮች ሙያ ይማሩ ዘንድ ወደ እሷ ይላኩ ነበር፤ እሷም ሊጡን እንደ ጥንቱ አሳምራ ታስደፍናቸዋለች፣ ደክመው ደስ ሲላቸው ግን ጣታቸውን ይዛ አናቱን ታስበሳቸዋለች። «እዚህ ጋ» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ለምን እንደሆነ ከእማማ ደብሬ ነው የሚሰሙት።

ዛሬም በሣር ውኃ ዶሮ ዳቦ ቀርቦ ቶሎ አይቆረስም። የቤቱ ትልቅ ሴት መዳፏን ከቀዳዳው በላይ ዘርግታ ትጠብቃለች፣ እንፋሎቱ መንካቱን እስኪተው። አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይተዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ዳቦው ቀዝቅዞም መዳፍ የሚነካ ነገር አለ ይባላል፤ ያን ጊዜ ሰዉ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። የራበው እንግዳ መቁነጥነጥ ሲጀምር ሴትዮዋ መዳፏን ሳታነሣ፣ «ዳቦ እስኪተነፍስ ሲጠብቅ የሞተ የለም፣ ልጄ» ትለዋለች።