የየሺመቤት ቅልና ራቁቱን የቀረው አጥር

ተረት ካላችሁኝስ ጆሯችሁን ወዲህ አድርጉ። የሺመቤት የምትባል ሴት ነበረች። ስንት ዘመን የጠፋባት ወንድሟ ማንደፍሮ፣ «ለመስቀል እመጣለሁ፤ ቤትሽን ደጃፉ ላይ በተንጠለጠለው ቅል እለየዋለሁ። ቅሉን ካጣሁ መንገዴን እቀጥላለሁ» ብሎ ላከባት። ክው አለች! የቅሉ ሐረግ ከደረቀ ዓመት ሆኖታል። የቀራት አንዲት ዘር ብቻ ናት፤ እሷንም ነቀዝ እንዳይበላት ብላ ጭስ ላይ ሰቅላታለች።

አውርዳ ደጃፏ ላይ ባለው አጥር ሥር ቀበረቻት። «ዘር፣ ዘር፣ ብቀዪ!»

«ዓመት ሙሉ ጭስ ስታጠጪኝ ከርመሽ? ውሃ ካልጠጣሁ አልበቅልም!» አለች ዘሯ።

የሺመቤት አፏን ያዘች። ዘር ሲናገር ሰምታ አታውቅማ! ወደ ምንጩ ሮጠች።

«ውሃ፣ ውሃ፣ ዘሯን አጠጣት፤ ዘሯ አልበቅልም አለች።»

«አላጠጣም! እዚሁ ተመችቶኛል።»

«በስመ አብ!» ብላ ወደ ላይ አንጋጠጠች። «ፀሐይ፣ ፀሐይ፣ ውሃን አድርቂው፤ ውሃ ዘሯን አላጠጣም አለ፤ ዘሯ አልበቅልም አለች።»

«አላደርቅም!»

«ኧረ ጉድ! ደመና፣ ደመና፣ ፀሐይን ሸፍናት፤ ፀሐይ ውሃን አላደርቅም አለች፤ ውሃ ዘሯን አላጠጣም አለ፤ ዘሯ አልበቅልም አለች።»

«አልሸፍንም!»

«ነፋስ፣ ነፋስ፣ ደመናን በትነው፤ ደመና ፀሐይን አልሸፍንም አለ፤ ፀሐይ ውሃን አላደርቅም አለች፤ ውሃ ዘሯን አላጠጣም አለ፤ ዘሯ አልበቅልም አለች።»

«አልበትንም!»

ወደ አጥሩ ዞረች። «አጥር፣ አጥር፣ ነፋስን አግደው፤ ነፋስ ደመናን አልበትንም አለ፤ ደመና ፀሐይን አልሸፍንም አለ፤ ፀሐይ ውሃን አላደርቅም አለች፤ ውሃ ዘሯን አላጠጣም አለ፤ ዘሯ አልበቅልም አለች።»

«በምኔ ላግደው?» አለ አጥሩ። «ቅሉ ከደረቀ ወዲህ ራቁቴን ነኝ። መጀመሪያ አልብሺኝ።»

 አጥሩን የሚያለብሰው ሐረጉ፣ ሐረጉ ደግሞ ገና አልበቀለም! ያላት ወንድሟን ልትቀበልበት ያስቀመጠችው አንድ ነጠላ ነው። ዓይኗን ጨፍና አጥሩን አለበሰችው።

«አሁን ነፋስን አግዳለሁ!» አለ አጥሩ። «አታግደኝ፣ ደመናን እበትናለሁ!» አለ ነፋስ። «አትበትነኝ፣ ፀሐይን እሸፍናለሁ!» አለ ደመና። «አትሸፍነኝ፣ ውሃን አደርቃለሁ!» አለች ፀሐይ። «አታድርቂኝ፣ ዘሯን አጠጣለሁ!» አለ ውሃ። ዘሯም ጠጣች፣ ጠጣች፣ በቀለች።

ለመስቀል ሦስት ቅል ተንጠልጥሎ ነበር። ማንደፍሮ ከሩቅ አይቶ «የሺ!» እያለ መጣ። ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ምነው እህቴ፣ ለእኔ ነጠላ እንኳ አትደርቢም?»

ወደ አጥሩ ዞራ አሳየችው። ሐረጉ ነጠላዋን ጥምጥም አድርጎ ይዞታል፤ ቢጎትቱት ሁለቱም ይቀደዳሉ።  ማንደፍሮ ጋቢውን አወለቀና ደረበላት።