ወተት እየጠጣ የተራበው እባብ

አንዲት ሴት ነበረች። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት ሰፈር ቤት ተከራየች። ዕቃዋን አስገባች፣ መጋረጃዋን ሰቀለች፣ ከዚያ ጓሮውን ልየው ብላ ወጣች። ዕቃ ቤቱ በረንዳ ላይ አንድ የመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ጠጋ ብላ ብታይ ምን ይሆን? እባብ!

አዎ፣ እባብ ነው ያልኩት። እናቶች፣ አትሳቀቁ። እዚያ ጥግ ያላችሁትም አታማትቡ፣ ገና ምኑን ሰማችሁና! «መምህር ዛሬ ምን ነካቸው፣ እባብ ይዘው ዐውደ ምሕረት ላይ ወጡ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በሉኝ። ብቻ እስክጨርስ ታገሡኝ።

ሴትዮዋ ጮኸች። ማን የማይጮህ አለ? የግቢው ጥበቃ ጋሽ አንዳርጌ እየሮጡ መጡ።

«ኧረ እትዬ፣ ይረጋጉ! መርዝ የለውም፣ የዋህ ነው። አደራ ነው፣ የአደራ ዕቃ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእሷ በፊት ቤቱን የተከራየው አንድ ፈረንጅ ነበር። እባቡን ከአገሩ ይዞት የመጣው እሱ ነው። እኛ ድመት እንደምናሳድገው እሱ እባብ ያሳድጋል፣ መቼም የሰው ምርጫ አያልቅም። ከጥምቀት በኋላ «ለአንድ ሳምንት አገሬ ደርሼ ልምጣ፣ አንዳርጌ፣ አደራ!» ብሎ ሄደ። በሳምንት ስለሚመለስ ምን እንደሚበላ እንኳ አልነገራቸውም። ሄዶ ቀረ። ስልኩም አይሠራም። ቤቱ ተዘግቶ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ። ጋሽ አንዳርጌና እባቡ ብቻቸውን ቀሩ። «ዝምተኛው» ይሉታል፣ ስም አውጥተውለት።

የሰፈሩ ሰው ምን አለ? «ጭንቅላቱን በሉትና ገላግሉን» አለ። ጋሽ አንዳርጌ ግን አደራ በልተው መሞት አይፈልጉም። እንዲህ ዓይነት ሰው ዛሬ ስንቱ ጋ ይገኛል?

ሴትዮዋ ፈራ ተባ እያለች ደግማ አየችው። እባብ አታውቅም፣ የታመመ ነገር ግን ታውቃለች። ከስቷል። ቆዳው ተጨማዷል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። የአሮጌው ቆዳ ቅዳጅ እላዩ ላይ ደርቆ ቀርቷል። በማግሥቱ የእንስሳት ሐኪም ጠራች፣ ዶክተር ትንግርት የምትባል።

ዶክተሯ አገላብጣ አየችውና «ምንድን ነው የሚበላው?» አለች።

«ወተት ነዋ!» አሉ ጋሽ አንዳርጌ ደረታቸውን ነፍተው። «ከጎረቤት፣ የጧት የጧቱን ትኩስ ወተት! እባብ ወተት እንደሚወድ ማን ያጣዋል? እኔ ሳልጠጣ እሱ ጠጥቶ ያድራል። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ግን እግዜርን እፈራለሁ፣ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው የማቀርብለት። ሁዳዴንም አብረን ነው የጾምነው።»

«ይቺ አምፖልስ ለምን ጠፋች?»

«ብርሃኑ እንቅልፍ እንዳይነሣው ብዬ እኔው ነኝ ያጠፋሁለት።»

ዶክተሯ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። «ጋሽ አንዳርጌ፣ አምፖሏ ማሞቂያው ናት። ወተትም ለእባብ ሆድ አይስማማም። የእሱ ምግብ አይጥ ነው።»

«ይጠጣዋል እኮ! በዓይኔ በብረቱ እያየሁት!»

«የጠማው ያገኘውን ይጠጣል፣ ጋሽ አንዳርጌ። ጠምቶት ነው እንጂ ወዶት አይደለም። እስከ ዛሬ ያቆየው የረቡዕና የዓርቡ ውኃ ነው። ሁዳዴ ነው ያተረፈው።»

ሳቁ፣ ሳቁ! እኔም ስሰማው ስቄያለሁ። ጋሽ አንዳርጌ ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«እንግዲያው እኔ ነኛ ያስራብኩት?» አሉ። «ከአፌ ነጥዬ እያጠጣሁት፣ እኔው በገዛ እጄ ልገድለው ነበር በይኛ!»

እስቲ ንገሩኝ፣ እኚህ ሰው ፍቅር ጎደላቸው? አልጎደላቸውም። ደከሙ? አልደከሙም። ረሱት? አንድ ቀን አልረሱትም። ነገር ግን እባቡ በእጃቸው ላይ እየሞተ ነበር። ይኼ ያሳዝናል፣ ወገኖቼ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ አላዝንም ነበር።

ያቺ ስትጮህ የነበረች ሴት ምን አለች መሰላችሁ? «አልሞተም እኮ፣ ጋሽ አንዳርጌ። ገና አለ። ይነሡ።» ገብታም፣ ዶክተሯ እባቡ ይዘፍዘፍ ስላለች፣ የራሷን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዛላቸው ወጣች።

ሽማግሌው ተነሡ። አምፖሏ በራች፣ ሣጥኑ ከብርዱ ወደ ቤት ገባ። እሳቸው እቴ፣ አሁኑኑ አይጥ ይምጣና ይብላ አሉ። ዶክተሯ ከለከለች። «ሳይሞቀው ቢበላ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ይሙቀው፣ ውኃም ይጠጣ።» ጋሽ አንዳርጌ እባቡን ለብ ባለ ውኃ ሳፋው ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ የደረቀውን ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ እያሉ ያነሡለታል። ሕፃን የሚያጥቡ ይመስላሉ። ሰንበት ብሎ ዓይኑ ሞላ፣ ምላሱን ብቅ ጥልቅ ማድረግ ጀመረ።

ይኼኔ ዶክተሯ አንዲት የሞተች ትንሽ አይጥ አመጣችለት።

«ዛሬ ዓርብ ነው እኮ!» አሉ ጋሽ አንዳርጌ ደንግጠው።

«እሱ አልተጠመቀም» አለቻቸው።

እሺ አሉ። አይጧን በመቆንጠጫ ያዙ። ከዚያስ? እኛ ምን እናደርጋለን እንግዳ አልበላም ሲል? አፉ ድረስ ወሰዱለት! «ብላ እንጂ! በሞቴ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እባቡ ጭንቅላቱን ቀበረ። እሳቸው በዚያ በኩል ዞረው አሁንም ያጎርሱታል። እባቡ ተጠቅልሎ ድቡልቡል አለ።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ይተዉት» አለች ዶክተሯ። «እባብ በሞቴ አይገባውም። ሲፈራ አይበላም። ያስቀምጡለት፣ በጨርቅ ይሸፍኑት፣ ከዚያ ይሂዱ።»

«ልሂድ? ጥዬው ልሂድ?»

«አዎ፣ ይሂዱ።»

ማጠቡ አልከበዳቸውም፣ ወተት መለመኑ አልከበዳቸውም። ይኼ ከበዳቸው! በር ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። ባይበላስ? ቢሞትስ? ሴትዮዋም ሥራዋን ትታ መስኮቱ ሥር ቆማለች። የሁለቱም ልብ ያ ጨርቅ ሥር ነው ያለው።

ወደ ማታ ገደማ ዶክተሯ «አሁን ይዩት» አለቻቸው። ጨርቁን ገለጥ ቢያደርጉ አይጧ የለችም። ዝምተኛው ተዘርግቶ ተኝቷል፣ ወገቡ ላይ እብጥ ብሎ።

ጋሽ አንዳርጌ እልል አሉ! ሽማግሌ ሰው፣ እልልልል! ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። «ማን ወለደ? ማን ወለደ?»

«በላ!» አሉ ጋሽ አንዳርጌ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዝምተኛው በላ!»

ዛሬ እባቡ ወፍሯል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል አሉ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አትነካውም፣ እሱን ተዉት። ግን መብራት በጠፋ ቀን የራሷን የሙቅ ውኃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። ደስ አይልም? እኔን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ቤት በፍቅር የሚራብ ማን አለ? በክፋት አላልኩም። ክፋቱንማ ለንስሐ አባቶቻችሁ ንገሩ። በፍቅር ነው ያልኩት!

ልጅ ሥራ አጥቶ ኀዘን ላይ ተቀምጧል፤ እኛ ምክር እንግተዋለን። ጧት ምክር፣ ማታ ምክር። «እሺ» ይላል። እሺ ስላለ የጠገበ ይመስለናል። ሙቀት ነበር የቸገረው፤ አጠገቡ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነበር የቸገረው። አንድ ወንድማችን ከብዙ ዘመን በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ብቅ ይላል፤ እኛ ገና ሳይሞቀው ከብበን «የት ጠፍተህ ነበር? ምን ገጠመህ? ለምን አታገለግልም?» እንለዋለን። በሞቴ፣ በሞቴ! ተጠቅልሎ ቢመለስ ደግሞ እንገረማለን።

አባቶቻችንንስ? ይኼን በቁጣ ነው የምናገረው። አባታችሁን ከገጠር አመጣችሁ። ጥሩ አደረጋችሁ። ለስላሳ አልጋ ሰጣችሁ፣ ቴሌቪዥን ከፈታችሁ፣ ሥጋውን አቀረባችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ሥራ ሄዳችሁ። እሳቸው ግን ይከሳሉ። «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን፣ ምን ጎድሎኝ» ይላሉ። ይላሉ እንጂ ምን ይበሉ? የሰጣችኋቸውን ይጠጣሉ። የሚያናግሩት እኩያ፣ የሚሞቁት ፀሐይ፣ የሚኮተኩቱት አንድ ክንድ መሬት እንዳማራቸው ማን ጠየቃቸው?

እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ለያንዳንዱም የሚስማማውን ይሰጠዋል። እኛ ግን አናውቅም። የማያውቅ ሰው ደግሞ ይጠይቃል፤ መጠየቅ ምን ነውር አለው?

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ምንም ይዛችሁ አትግቡ። አባታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉና «አባዬ፣ ምንድን ነው ያማረዎት?» በሏቸው። ከዚያ ዝም በሉ። መጀመሪያ «ምንም፣ ምንም አላማረኝም» ይሏችኋል። አትነሡ። ደግማችሁም አትናገሩ። ቁጭ በሉ፣ እስኪነግሯችሁ ድረስ።